የመጀመሪያ ኮምፒውተሬን ራሴ ልገጣጥም ነው፣ ዕቃዎቹ ይስማማሉ ወይ?

ሰላም የዓምዳችን ወዳጆች። ለዚህ እትም የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፣ ዴስክቶፕ ራሴ እገጣጥማለሁ ብሎ የተነሳው ሰው በዝቷል፣ ደስ ይላል። ሁሉንም መመለስ ስለማይቻል ብዙ ሰው ላይ የሚደርሱትን መርጠናል። ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር ልበል፣ ጀማሪ ሁሌ የሚፈራው "አልገባ ቢለኝስ" ብሎ ነው፣ አልገባ የሚል ዕቃ እኮ ምንም አያረግህም፣ በጉልበት ካልታገልከው መልሰህ ካርቶኑ ውስጥ ታስገባዋለህ በቃ። ጉድ የሚሠራህ ልክክ ብሎ ገብቶ የማይሠራው ነው፣ ከሱም የባሰ ደግሞ ልክክ ብሎ ገብቶ ሌላውን የሚያቃጥለው አለ። ዛሬ የምናወራው ባብዛኛው ስለነዚህ ሁለቱ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው ጋሼ? የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ለቪዲዮ ኤዲቲንግና ለጌም የሚሆን ዴስክቶፕ ልገጣጥም ዕቃ መርጬ ጨርሻለሁ፣ ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት አንዴ እዩልኝ ብዬ ነው። ፕሮሰሰር ራይዘን 5 7600፣ ማዘርቦርድ ቢ550 ማይክሮ ኤቲኤክስ፣ ራም ዲዲአር4 አንድ ባለ 16 ጊጋ፣ ግራፊክስ ካርድ አርቲኤክስ 4060፣ ኤስኤስዲ ኤንቪኤምኢ 1 ቴራ። ፓወር ሰፕላይ ከድሮ ኮምፒውተር የወጣ 300 ዋት አለኝ፣ እሱን ልጠቀም ነው። ጓደኛዬ ፕሮሰሰሩም ቦርዱም የኤኤምዲ ስለሆኑ ይስማማሉ ብሎኛል።

መልስ፦ እንኳን ሳትከፍል ጠየቅከን ወንድሜ። ዕቃዎቹ ለየብቻ ሲታዩ ክፉ አይደሉም፣ አብረው ግን አይኖሩም። ጓደኛህ ለክፋት አይደለም ግን ኩባንያው አንድ መሆኑ ምንም ማለት አይደለም፣ የሚያስማማው ሶኬቱ፣ ማለትም ቦርዱ ላይ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ራይዘን 5 7600 የሚቀመጠው ኤኤም5 የሚባለው ሶኬት ላይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የመጣው፣ ቢ550 ደግሞ የቀድሞው የኤኤም4 ቦርድ ነው። ጎን ለጎን ብታያቸው ክርክርም የለው፣ የኤኤም4 ፕሮሰሰር ሆዱ ላይ 1331 ቀጫጭን ፒን አለው፣ ቦርዱ ላይ ያለው ቀዳዳ ነው፣ ኤኤም5 ላይ ነገሩ ተገልብጦ ፕሮሰሰሩ ልሙጥ ሆነና 1718ቱም ፒኖች ቦርዱ ላይ ሄዱ። ስለዚህ ይሄኛው አልገባም የሚለው ዓይነት ነው፣ ዕድለኛ ነህ።

ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው ፕሮሰሰሩን ይዘህ ቦርዱን ወደ ቢ650 መቀየር ነው፣ ያኔ ግን ራሙም አብሮ ይቀየራል ምክንያቱም ኤኤም5 ዲዲአር5 ብቻ ነው የሚቀበለው። ሁለተኛው ቦርዱንና የራሙን ዓይነት እንዳለ ትተህ ፕሮሰሰሩን ወደ ራይዘን 5 5600 ማውረድ ነው። የኔን ሃሳብ ከጠየቅከኝ አቅምህ ከፈቀደ የመጀመሪያውን፣ ኤኤምዲ ኤኤም5ን እስከ 2027 እና ከዛም ወዲያ እንደሚያስቀጥል ስላስታወቀ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቦርዱን ሳትነካ ፕሮሰሰር ብቻ መቀየር ትችላለህ። አቅም ካልፈቀደ ደግሞ 5600 አያሳፍርም፣ ከ4060 ጋር ሆኖ ጌሙንም ኤዲቲንጉንም ይሠራልሃል፣ የተረፈህን ራም ላይ ጨምረው። ብቻ ግማሹን ከዚህ ግማሹን ከዛ እንዳታረገው።

ራም ላይ ሁለት ነገር። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ሁለቱም 288 ፒን ናቸው፣ ርዝመታቸውም አንድ ነው፣ በፎቶ ብታያቸው አትለያቸውም፣ ልዩነቱ ከታች በኩል ያለችው ክፍተት ላይ ነው፣ ቦታዋ ፈቀቅ ብላለች። ቦርዱ ላይ ስታስገባው ያቺ ክፍተት ከሶኬቷ ጥርስ ጋር ካልገጠመች አትጫነው፣ ወይ ገልብጠኸዋል ወይ ዓይነቱ ሌላ ነው። የላፕቶፕ ራም ደግሞ ጭራሽ አጭር ነው፣ እሱን አምጥተው የሚሞክሩ አሉ። ሁለተኛው፣ አንድ ባለ 16 ከምትገዛ ሁለት ባለ 8 ግዛ፣ ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ከሆነ እንዲያውም ሁለት ባለ 16። ሁለት ሆነው በዱዋል ቻናል ሲሠሩ ፕሮሰሰሩ መረጃ የሚያመላልስበት መንገድ እጥፍ ይሆናል፣ አንድ ብቻውን ሲሆን ግን ጥሩውን ፕሮሰሰር አንቆ ነው የሚይዝብህ። ሁለቱም ባንድ ፓኬት የታሸጉ ይሁኑ፣ ዛሬ አንድ ገዝቼ ከርሞ ሌላ እጨምራለሁ የሚለው ሃሳብ ወረቀት ላይ ነው የሚያምረው፣ የተለያየ ጊዜ የተገዙ ራሞች ስማቸው አንድ ሆኖ ውስጣቸው ያለው ቺፕ ይለያይና ኮምፒውተሩ ያለ ምክንያት ሪስታርት ሲያረግ ትውላለህ።

አሁን ወደ ፓወር ሰፕላዩ፣ እሱን እርሳው። ሂሳቡን አብረን እንሥራው፣ 4060 115 ዋት ነው፣ 7600 ካርቶኑ ላይ 65 ዋት ይበል እንጂ ሥራ ሲበዛበት እስከ 88 ዋት ይወስዳል፣ ሁለቱ 203 ሆኑ፣ ቦርዱ ራሙ ኤስኤስዲው ፋኑ ምናምን 50 ዋት ቢሉ 253 መጣ። ታዲያ 300 መች አነሰ ትለኛለህ። አንደኛ ግራፊክስ ካርድ ለሰከንድ ስባሪ ከተጻፈው በላይ ይስባል፣ በዛች ቅጽበት ደከም ያለ ፓወር ሰፕላይ ድርግም ይላል። ሁለተኛ እላዩ ላይ የተጻፈው 300 የሁሉም መስመር ድምር ነው፣ ፕሮሰሰሩና ካርዱ የሚበሉት ግን ከ12 ቮልቱ ነው፣ ድሮ የተሠሩት ላይ ደግሞ ብዙው ኃይል ለ5 እና ለ3.3 ቮልት የተመደበ ነበር፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብበው ታየዋለህ። ሦስተኛ እና ዋናው፣ ለ4060 የሚሆን ባለ 8 ፒን የግራፊክስ ኬብል የለውም፣ ለፕሮሰሰሩም ባለ 4 ብቻ ሳይሆን አይቀርም ያለው። ከሃርድዲስክ ኬብል ወደ 8 ፒን የሚቀይር አዳፕተር አለ ይሉሃል፣ አለ፣ አትግዛው፣ ያ ቀጭን ሽቦ እስከ 150 ዋት ለሚያሳልፍ መሰኪያ የተሠራ አይደለም። ኤንቪዲያ ራሱ ለ4060 የሚመክረው 550 ዋት ነው፣ ኤይቲ ፕላስ ብሮንዝ ወይ ጎልድ የሚል ምልክት ያለው፣ ስሙ የታወቀ ፋብሪካ የሠራውን 550 ወይም 650 ግዛ። ልብ በል፣ ብሮንዝና ጎልድ የሚለው ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚቆጥብ ነው የሚነግርህ እንጂ ጥራቱን አይደለም፣ ጎልድ ተብሎ እርካሽ የሆነ ፓወር ሰፕላይ ሞልቷል። እኔ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የቱ ላይ ልቆጥብ ብለህ ብትጠይቀኝ ኬዙ ላይ፣ መብራቱ ላይ፣ ቦርዱም ላይ ትንሽ ቆጥብ እልሃለሁ፣ ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን አትቆጥብ፣ እሱ ሲሞት ብቻውን አይሞትም።

ኩለር፣ ማለትም የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ፣ አለመጻፍህ ልክ ነው፣ 7600 በካርቶኑ ሲገዛ ኩለሩ አብሮት አለ፣ መጨረሻው ላይ ኤክስ ያለበት 7600ኤክስ ግን ያለ ኩለር ነው የሚመጣው፣ ትሬይ ብለው ያለ ካርቶን የሚሸጡትም እንደዛው። ኬዝ ስትመርጥ ደግሞ ቦርድህ 24.4 በ24.4 ሳንቲሜትር ስለሆነ ማይክሮ ኤቲኤክስ ይቀበላል የሚል ይሁን፣ ከፍ ያለ ኤቲኤክስ ኬዝም ይይዘዋል፣ ሚኒ አይቲኤክስ የሚለው ግን አይይዘውም።

ሌላ ጊዜ ዝርዝር ስታወጣ ጥሩ የተባለውን ሁሉ ለቅመህ መጨረሻ ላይ ይስማማል ወይ ብለህ ከመጠየቅ፣ መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን ምረጥ፣ እሱ ቦርዱን ይመርጥልሃል፣ ቦርዱ ራሙን ይመርጥልሃል፣ ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩንና ኬዙን ይመርጥልሃል። ከዛ ፒሲፓርትፒከር የሚባለው ድረ ገጽ ላይ አስገባው፣ የማይስማማ ካለ ይነግርሃል። እሱ ይስማማል ስላለህ ብቻ ግን አትተኛ፣ የቦርዱ አምራች ገጽ ላይ ገብተህ ሲፒዩ ሰፖርት የሚለውን ዝርዝር ክፈትና ፕሮሰሰርህን በስሙ ፈልገው፣ ከጎኑ ከየትኛው ባዮስ ቨርዥን ጀምሮ እንደሚሠራ ተጽፏል። ይሄ ባዮስ የሚሉት ነገር፣ ቦርዱ ውስጥ ተቀምጦ ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው ፕሮግራም ማለት ነው፣ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ቢ650 ቦርድና ራይዘን 7 9700ኤክስ ገዛሁ፣ ሁለቱም ኤኤም5 ናቸው፣ በደንብ ገባ ግን ስክሪን ላይ ምንም የለም። ሻጩ ቦርዱ ቆየት ያለ ስቶክ ነው ባዮሱ አሮጌ ይሆናል አለኝ። ባዮስ አፕዴት ለማድረግ ኮምፒውተሩ መብራት አለበት፣ እንዲበራ ደግሞ ባዮሱ አፕዴት መሆን አለበት። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ይኸውልህ መግቢያው ላይ ያልኩት፣ ገብቶ የማይሠራው። ቢ650 በ2022 ነው የወጣው፣ 9000ዎቹ ራይዘኖች በ2024፣ ስለዚህ ከዛ በፊት ታሽጎ ሼልፍ ላይ የከረመ ቦርድ ይሄን ፕሮሰሰር አይቶት አያውቅም፣ ባዮሱ ውስጥ ስሙ የለም። ቦርዱም ፕሮሰሰሩም ደህና ሊሆኑ ይችላሉ፣ አትደንግጥ።

ከቦርዱ ጀርባ ዩኤስቢዎቹ ካሉበት ጎን ትንሽ ቁልፍ አለች ወይ ብለህ እይ፣ ፍላሽባክ ወይም ፍላሽ ባዮስ የሚል ተጽፎባት፣ ከአንዱ ዩኤስቢ ዙሪያም ከሌሎቹ የሚለይ ምልክት ይኖራል። ካለች ተገላገልክ፣ ይቺ ነገር ያለ ፕሮሰሰርም ያለ ራምም ትሠራለች። በሌላ ኮምፒውተር ከአምራቹ ገጽ የቦርድህን ስም ፊደል በፊደል አመሳክረህ አዲሱን ባዮስ አውርድ፣ ዚፑን ፍታው፣ ፍላሽ ዲስክህን ፋት32 ብለህ ፎርማት አርገው፣ ፋይሉን ማኑዋሉ ላይ በተጻፈው ስም ቀይረህ ፍላሹ ላይ አስቀምጠው፣ ፎልደር ውስጥ አይግባ። ከዛ ምልክት ባለው ዩኤስቢ ሰክተህ፣ ፓወር ሰፕላዩ ከቦርዱ ጋር እንደተያያዘ ኮምፒውተሩን ሳታበራ ቁልፏን መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት እስክትጀምር ተጭነህ ያዝ። ደቂቃዎች ይወስዳል፣ መብራቷ ማብለጭለጭ እስክታቆም ፍላሹንም አትንቀል ኤሌክትሪኩንም አታጥፋ፣ መሃል ላይ ከተቋረጠ ነው ችግር የሚመጣው። ቁልፏ ከሌለች ደግሞ አፕዴት አርጎ እንዲሰጥህ ለሻጩ ውሰደው፣ ወይም 7000ውን ራይዘን የሚያውስህ ሰው ፈልግ፣ ለአንድ ሰዓት ነው የምትፈልገው።

ኢንቴል ላይም አለ ይሄ። 14ኛ ትውልድ የሚባሉት ቢ660 ላይ ይገባሉ፣ ባዮሱ ካልታደሰ ግን አይነሱም። ከሁሉ የሚገርመው ኤልጂኤ 1151 የሚባለው የኢንቴል ሶኬት ነው፣ 6ኛና 7ኛ ትውልድም 8ኛና 9ኛ ትውልድም የሶኬቱ ቁጥር 1151 ነው፣ መጠኑም ያው፣ ግን ኢንቴል 8ኛውንና 9ኛውን የሚደግፈው ባለ 300 ቺፕሴት (የቦርዱ ዋና መቆጣጠሪያ ቺፕ) ቦርድ ላይ ብቻ ነው። ያገለገለ ዕቃ የምትገዙ ሰዎች በቁጥሩ ብቻ አትመኑ፣ ቺፕሴቱን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እንደምን ናችሁ? ኮር አይ5 12400ኤፍ፣ ቢ660 ቦርድ፣ ራም፣ ኤስኤስዲ ሁሉንም ራሴ ገጠምኩ፣ ለቢሮ ሥራ ስለሆነ ግራፊክስ ካርድ አላስፈለገኝም። ፋኑ ይዞራል ግን ሞኒተሩ "ሲግናል የለም" ነው የሚለው። ቦርዱ ላይ ኤችዲኤምአይ አለ እኮ፣ ቦርዱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ቦርድሽ ደህና ነው እህቴ፣ ጥፋቱ ያለው ከ12400 ጀርባ ያለችው ኤፍ ላይ ነው። ኢንቴል ኤፍ የሚለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ የሚሠራ ግራፊክስ የለም ማለቱ ነው፣ ቦርዱ ላይ ያለው ኤችዲኤምአይ ደግሞ በራሱ ምንም አያመነጭም፣ ፕሮሰሰሩ የሰጠውን ብቻ ነው የሚያወጣው። ፋብሪካው ግን ቦርዱን ለሁሉም ዓይነት ፕሮሰሰር ስለሚሠራው ቀዳዳውን እዛው ይተወዋል፣ ሰው የሚሸወደው በዛ ነው። መመለስ ከቻልሽ ኤፍ የሌለውን 12400 አርገሽ ቀይሪው፣ ልዩነቱ ብዙ አይደለም፣ ካልቻልሽ አነስተኛ ግራፊክስ ካርድ፣ ያለ ተጨማሪ ኬብል ከቦርዱ ብቻ በምታገኘው እስከ 75 ዋት የሚሠራ ይበቃሻል።

ሌሎቻችሁም ፊደሎቹን ተማሩ። ኢንቴል ላይ ኬ ያለበት ኩለር አብሮት አይመጣም፣ ኬኤፍ ካለው ኩለሩም ግራፊክሱም የለም። ኤኤምዲ ጋ 5000ዎቹ ላይ ጂ ያለው ነው ግራፊክስ ያለው፣ ተራው 5600 የለውም፣ 7000ዎቹ ላይ ግን ትንሽም ቢሆን ሁሉም ማለት ይቻላል አላቸው፣ እንደ 7500ኤፍ ያሉት ሲቀሩ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ አንድ የታወቀ ኩባንያ የሠራው የቢሮ ዴስክቶፕ አለኝ፣ ፕሮሰሰሩ 6ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ነው። ሰፋ ያለ አዲስ ኬዝና አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገዝቼ ውስጡን እዛ ላዛውረው፣ ከዛ ቀስ እያልኩ ሌላውን ላሳድግ አስቤአለሁ። ያዋጣኛል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልን አባቴ። ቅር አይበልዎትና እሱን ማሽን እንዳለ ቢተዉት ይሻላል። እነዚህ ኩባንያዎች ቢሮ ለቢሮ በብዛት የሚያወጧቸው ኮምፒውተሮች ብዙ ጊዜ በራሳቸው ልክ ነው የሚሠሩት። በገበያ ያለ ፓወር ሰፕላይ ለቦርዱ ባለ 24 ፒን ኬብል ይዞ ይመጣል፣ የርስዎ ግን ከፍተው ሲያዩት ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ማብሪያ ቁልፉ የሚሰካበትም የራሱ ዓይነት ነው፣ የብሎኑ ቀዳዳ ራሱ አዲሱ ኬዝ ላይ ላይገጥም ይችላል። ለያንዳንዱ አዳፕተር ሲፈልጉ ድካሙ ከጥቅሙ ይበልጣል። ደግሞ ቢሳካልዎትም እንኳ የሚያሳድጉት ነገር የለም፣ 6ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ዊንዶውስ 11 በይፋ ከሚቀበላቸው ውስጥ አይደለም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

አዲስ ኮምፒውተር ከገጣጠሙ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚሻገረው ሞኒተሩ፣ ኪቦርዱ፣ ማውሱ፣ ሃርድዲስኩና ኤስኤስዲው ካለው ነው። ሞኒተሩ ቪጂኤ የሚባለው የድሮ መሰኪያ ብቻ ያለው ከሆነ አዲሱ ቦርድ ወይም ካርድ ላይ ቪጂኤ መኖሩን ያረጋግጡ፣ እየጠፋ ነው። ራሙ ግን ለአዲስ ቦርድ አይሆንዎትም፣ ይተዉት።

ጥያቄ፦ ሰላም ብሮ፣ ፓወር ሰፕላዬን በትልቅ ቀየርኩ፣ ሁለቱም ሞጁላር ናቸው ማለትም ኬብሎቹ ይነቀላሉ። የድሮዎቹ ኬብሎች ኬዙ ውስጥ በደንብ ታስረው ስላሉ እነሱን ሳልነቅል አዲሱ ላይ ብሰካቸውስ? ሞክሬዋለሁ ልክክ ነው የሚሉት። ገና አላበራሁትም።

መልስ፦ አታብራው! ኧረ በናትህ አታብራው፣ አሁኑኑ ንቀላቸው። ቦርዱ፣ ካርዱና ሃርድዲስኩ ጋ ያለው የኬብሉ ጫፍ በስታንዳርድ የተወሰነ ነው፣ ፓወር ሰፕላዩ ጋ ያለው ጫፍ ግን ማንም አልወሰነውም፣ እያንዳንዱ ፋብሪካ በፈለገው ቅደም ተከተል ነው ሽቦውን የሚደረድረው፣ ያንዱ ፋብሪካ ሁለት ሞዴል ራሱ ሊለያይ ይችላል። ፕላስቲኩ ቅርጹ ስለሚመሳሰል ይገባል። ስታበራው ግን 5 ቮልት በሚጠብቀው መስመር 12 ቮልት ይልክና ኤስኤስዲህን ከነፋይሉ በአንድ ቅጽበት ይዞት ይሄዳል። ከአዲሱ ካርቶን የወጡትን ኬብሎች ብቻ ተጠቀም፣ የድሮዎቹን ከድሮው ፓወር ሰፕላይ ጋር በአንድ ፌስታል ቋጥረህ ጻፍበት፣ እንዳይቀላቀሉ።

በዚሁ፣ ለፕሮሰሰሩ የሚሄደው ባለ 8 እና ለግራፊክስ ካርዱ የሚሄደው ባለ 8 ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የፕሮሰሰሩ 4 እና 4 ሆኖ ይከፈላል፣ ሲፒዩ ይላል፣ የካርዱ 6 እና 2 ሆኖ ይከፈላል፣ ፒሲአይኢ ይላል። የቱ የቱ እንደሆነ ካላወቅክ ጽሑፉን አንብብ፣ አልገባ ካለህ ደግሞ አትግፋ።

ጥያቄ፦ ኤም ዶት 2 ኤስኤስዲ ከላፕቶፕ አውጥቼ አዲሱ ቦርዴ ላይ ሰካሁት፣ በብሎን አሰርኩት፣ ግን ባዮስ ውስጥ አይታይም። የሚገርመው ሌላኛው ሳታ ሃርድዲስኬም አብሮ ጠፋ።

መልስ፦ ሁለት የተለያየ ጉዳይ ነው ያለህ። ኤም ዶት 2 የቅርጹ ስም ነው፣ የማስቲካ ቅጠል የሚያክለው ማለት ነው፣ ከቦርዱ ጋር መረጃ የሚለዋወጥበት መንገድ ግን ሳታ ሊሆን ይችላል ኤንቪኤምኢ ሊሆን ይችላል። ጫፉ ላይ ወርቃማው ጋ እይ፣ ሁለት ክፍተት ካለው ብዙውን ጊዜ ሳታ ነው፣ አንድ ብቻ በቀኝ በኩል ካለው ኤንቪኤምኢ ነው፣ እርግጠኛ ለመሆን ግን እላዩ ላይ ያለውን ሞዴል ቁጥር ፈልገው ምክንያቱም ሁለት ክፍተት ያላቸው ኤንቪኤምኢዎችም አሉ። አሁን የሚወጡ ብዙ ቦርዶች ኤም ዶት 2 ማስገቢያቸው ኤንቪኤምኢ ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ሳታውን ብትሰካለት ዝም ይልሃል። ያንተ ሳታ ከሆነ ከዩኤስቢ ጋር የሚያገናኝ ማቀፊያ ገዝተህ እንደ ፍላሽ ተጠቀምበት። በፍጥነትም ቢሆን አይቆጭህ፣ ሳታ ቢበዛ በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ መካከለኛ የሚባል ኤንቪኤምኢ 3500 ይደርሳል።

ሃርድዲስኩ የጠፋው ደግሞ ቦርዱ መስመር ስለሚያጋራ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዱ ቦርድ ላይ ሁለተኛው ኤም ዶት 2 ሲያዝ ከሳታዎቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ይዘጋሉ። የትኞቹ እንደሆኑ ማኑዋሉ ላይ አንዲት መስመር ተጽፋለች፣ ሰው የማያነባት። የሃርድዲስኩን ኬብል ወደ ሌላ ሳታ ቁጥር አዛውረው።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ኩለር ኬዙ ክዳን አልዘጋ አለ፣ ግራፊክስ ካርዱም ከፊት ያለውን ፋን ነካ። ቀድሞ ማወቅ ይቻል ነበር?

መልስ፦ ይቻል ነበር። ኬዝ ሲሸጥ ሦስት ቁጥር ይጻፍበታል፣ ከፍተኛው የኩለር ቁመት፣ ከፍተኛው የካርድ ርዝመትና የፓወር ሰፕላይ ርዝመት፣ ሁሉም በሚሊሜትር። ማማ የሚመስሉት ኩለሮች 155፣ 160 ሚሊሜትር ይደርሳሉ፣ ቀጠን ያለ ኬዝ አይችላቸውም። የካርዱን ርዝመት "አርቲኤክስ 4060" ብለህ አታገኘውም፣ አንዱ አምራች አጭር ባለ አንድ ፋን ይሠራዋል ሌላው ረጅም ባለ ሦስት ፋን፣ ስለዚህ የምትገዛውን ራሱን ሞዴል እይ፣ ከኬዙ ቁጥር ላይም ለፊተኛው ፋን 25 ሚሊሜትር ቀንስ፣ የውሃ ማቀዝቀዣ ራዲያተር ካለ ከዛም በላይ። ኩለር ከአሮጌ ኮምፒውተር ለምታዛውሩ ደግሞ፣ ኤልጂኤ 1200 ላይ በብሎኖቹ መሃል ያለው ርቀት 75 ሚሊሜትር ነበር፣ 1700 ላይ 78 ሆኗል፣ ስለዚህ የድሮው ማሰሪያ አይደርስም፣ ለአዲሱ የሚሆን ማሰሪያ አምራቹ ካለው ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ተስማምቶልኝ ነው የገዛሁት፣ ኤኤም5 ነው፣ ዲዲአር5 ሁለት ራም፣ ካርድ አለው። ሳበራው ፋን ይዞራል፣ መብራት አለ፣ ስክሪን ጥቁር ነው። አጥፍቼ አበራለሁ፣ ያው ነው።

መልስ፦ መጀመሪያ ማጥፋትና ማብራቱን ተው። ዲዲአር5 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ቦርዱ ራሙን ይለማመደዋል፣ ደቂቃዎች በጥቁር ስክሪን ሊያስቆይህ ይችላል፣ አንተ ባቋረጥከው ቁጥር ከዜሮ ነው የሚጀምረው። አብራውና ሩብ ሰዓት ያህል ሌላ ነገር ሥራ።

ከዛም ጥቁር ከሆነ በዚህ መንገድ ሂድ። የሞኒተሩ ኬብል ካርዱ ላይ ነው ወይስ ቦርዱ ላይ? ካርዱ ላይ አርገው። ከፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ያለው የሲፒዩ ባለ 8 ፒን ተሰክቷል? ሰው ትልቁን ባለ 24 ይሰካና ይሄን ይረሳዋል፣ ፋኑ ስለሚዞር ሁሉም የሞላ ይመስለዋል። ራሞቹ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ቦታ ላይ ናቸው? ጠቅ እስኪሉ ወርደዋል? አንዱን አውጥተህ 2ኛው ላይ ባንዱ ብቻ ሞክር። ቦርዱን ኬዙ ላይ ስታስር ከኬዙ ብረት ከፍ የሚያረጉት ትናንሽ የናስ ማቆሚያዎች ቀዳዳ ባለበት ብቻ ነው መኖር ያለባቸው፣ አንዷ ያለ ቦታዋ ከቀረች የቦርዱን ጀርባ ትነካና ሾርት ታረጋለች። ብዙ ቦርድ ጥጉ ላይ አራት ትናንሽ መብራት አለው፣ ሲፒዩ፣ ድራም፣ ቪጂኤ፣ ቡት የሚል፣ የትኛዋ ላይ እንደቆመ እይ፣ ድራም ላይ ከቆመ ራሙ ጋ ነው፣ ቪጂኤ ላይ ከቆመ ካርዱ ወይም ኬብሉ ጋ፣ ቡት ላይ ከቆመ ግን ኮምፒውተሩ ደህና ነው ዊንዶውስ ገና ስላልጫንክለት ነው።

ጥያቄ፦ አጭር ናት፣ ራሜ 6000 ተብሎ ነው የተሸጠልኝ፣ ታስክ ማናጀር ላይ 4800 ነው የሚለው። ተሸውጄ ነው?

መልስ፦ አልተሸወድክም። 4800 ቦርዱ ሳይጠየቅ የሚሰጥህ ነው፣ 6000ውን ባዮስ ገብተህ ኤክስፖ የሚለውን ማብራት አለብህ፣ ኢንቴል ከሆነ ኤክስኤምፒ። ሴቭ አርገህ ውጣ፣ ያቺን ጥቁር ስክሪን አንዴ ትደግምልሃለች፣ ጠብቃት።